የሰነፍ ጭስ

መኪና የሌላችሁ ወገኖቼ፣ በያላችሁበት አንድ ጊዜ ተመስገን በሉ። መኪና ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ ቀስ ብላችሁ አትንዱ! ይህን የምላችሁ ፀሐይ መትቶኝ አይደለም። ቀስ ብሎ በመንዳቱ ሚስት ልታመልጠው የነበረች ሰው ሆኜ ነው የምመክራችሁ።

ያን ጊዜ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሥራዬ አንዱን ደብዳቤ ሦስት ማድረግ ነበር። ወረቀት፣ ካርቦን፣ ወረቀት፣ ካርቦን፣ ወረቀት፤ ከዚያ መቀጥቀጥ። እስከ ሠላሳ ዓመቴ ድረስ የማውቀው መኪና የጽሕፈት መኪና ብቻ ነበር ብላችሁ ይቀላል። ልማድ ክፉ ነውና ላገባት ለምመኛት ለጽጌ የምጽፈውን የፍቅር ደብዳቤ ሳይቀር በካርቦን ነበር የምመታው። አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለፋይል። «ውድ ጽጌ» ብዬ ከላይ ቁጥርና ቀን እሰጠዋለሁ። ነገ ተነስታ «እንዲህ ብለኸኝ ነበር» ብትለኝ በምን እከራከራታለሁ? ካርቦኑ የመንግሥት ነው፤ አንድ ካርቶን ሙሉ በመኪናዬ የዕቃ ሣጥን ውስጥ ደብቄ አስቀምጬ ነበር። ይህቺን ካርቶን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ጉድ ታፈላለች።

መኪናዋን የገዛኋት ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። ቀይ ናት። በሯ ሁለት፣ ካርቡራተሯ ሁለት፣ የኋላ ወንበሯ ለሁለት ድመቶች የሚበቃ። የፍጥነት ሰዓቷ ላይ እስከ ሁለት መቶ ተጽፏል። ሙሴው ቁልፉን ሲያስረክበኝ «ይህቺ የእሽቅድምድም ፈረስ ናት፤ ሩጫ ካላገኘች ትታመማለች» ብሎኝ ነበር። እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ «ፈረስ» የምትለዋ ብቻ ናት።

ደግሞስ ምን ያሯሩጠኛል? መኪና የገዛሁት ለመድረስ አይደለም፣ ለመታየት ነው። ቀኑ ቀዝቀዝ ሲል በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ክንዴን በመስኮት አውጥቼ በሃያ ኪሎ ሜትር እንሳፈፋለሁ። የድሬ ሰው ደግሞ ሰላምታ አያሳጥርም። ትልቅ ትንሽ ሳይል «አንተ፣ ደህና ነህ?» ይልና የአገር ቤት እናቴን፣ ዝናቡን፣ አለቃዬን ሁሉ ይጠይቃል። ሃያ ላይ ካልሄድኩ ለማን መልሼ ለማን ልተው ነው? ባለጋሪዎቹ በግራም በቀኝም እየቀደሙኝ ሲያልፉ «አይዞህ፣ ትደርሳለህ» ይሉኝ ነበር። ቅናት ነው ብዬ እስቃለሁ።

ስድስት ወር እንዲህ ከተሳፈፍኩ በኋላ መኪናዋ ማሳል ጀመረች። መጀመሪያ ትንሽ «ህክ» አለች። ቀጥሎ ዳገት ስታይ ታቃስት ጀመር። ከዚያ ጥቁር ጭስ፣ ከጭሱ በኋላ ደግሞ አልፎ አልፎ «ጧ!» የምትል ጥይት መሰል ነገር መጣች። እኔ ግን መካኒክ አይደለሁ፣ ምን አውቄ? ጉንፋን ነው፣ ያልፍላታል አልኩ።

ሽማግሌ የላክሁ ዕለት ነው ያልፍላታል ያልኩት ነገር ወደ እኔ ያለፈው።

የጽጌ አባት አቶ ዘለቀ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባቡር ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የነዱት እሳት የሚበላውን የድሮውን ባቡር ነውና ጭስ ያውቃሉ። ሰው ሲጋራ ሲያጨስ ጭሱን አይተው «ይሄ ሰው ሆዱን ያመዋል» ይላሉ እየተባለ ይወራባቸዋል። ሽማግሌዎቼ ሦስት ነበሩ፤ አፈ ጉባኤያቸው የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ባሻ ወልዴ፣ በጠላት ጊዜ አርበኛ የነበሩ። በእግር ብንሄድ ሩብ ሰዓት አይፈጅም ነበር። እኔ ግን መኪና እያለኝ ሽማግሌ በእግር ልልክ? ባሻን ከፊት፣ ሁለቱን ከኋላ የድመቶቹ ቦታ ላይ አጣጥፌ ሄድን። የአንደኛው ጉልበት ጆሮዬ ሥር ነበር።

ከደጃፉ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ እኔ በወጉ መሠረት ውጭ ቀረሁ። ሞተሩን ለማጥፋት ፈራሁ፤ አንዴ ከጠፋች ለመነሳት ልመና ትፈልጋለች። በመስኮቱ በኩል ሦስቱ ቆመው አያቸዋለሁ። መቼም ታውቁታላችሁ፣ ሽማግሌ ለጋብቻ ሲሄድ «ተቀመጡ» ቢባል እንኳ የመጣበት ጉዳይ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም። ባሻ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ «የመጣንበት ጉዳይ…» አሉ።

«ጧ!» አለች መኪናዬ።

ባሻ ጠረጴዛ ሥር ናቸው። «ተኛ! ከግራ በኩል ነው የሚተኩሰው!» ብለው ሲጮኹ ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎችም እላያቸው ላይ ተደረቡ። ከጎረቤት አንድ የጋሪ ፈረስ ጋሪውን እንደጎተተ ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነጎደ። ባለጋሪው ከኋላው እየሮጠ የረገመው እኔን ነው።

አቶ ዘለቀ ምንም ሳይደነግጡ ቀስ ብለው ወጡ። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ጭስ ማውጫው ውስጥ ከተቱና አወጡት፤ ጣታቸው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። አሸተቱት።

«ይሄ የሰነፍ ጭስ ነው» አሉ።

«ይቅርታ አባቴ፣ የምን ጭስ አሉኝ?»

«የሰነፍ! እሳት ሲያንሰው የሚጨስ ጭስ ነው። አንዲት ጭስ ማውጫ በንጽሕና መያዝ ያቃተው ሰው ቤት ሊይዝ ነው?» ልብሳቸውን እያራገፉ ወደወጡት ሽማግሌዎች ዞሩና ፍርዳቸውን ሰጡ። «የዛሬ ሳምንት ተመለሱ። ይህቺ መኪና ሳታስልና ሳትተኩስ ከደጄ ከደረሰች እንነጋገራለን። አንዲት ጊዜ ካሳለች ግን ለዚያኛው ልጅ ቃሌን እሰጣለሁ።»

ያኛው ልጅ ማለት የቴሌግራፍ ሠራተኛው ነው። እሱም ሽማግሌ ልኳል፤ የሚሄደውም በብስክሌት ነው። እስቲ ፍረዱኝ፣ ብስክሌት ምን ጭስ አለው?

ሰኞ ቢሮ ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። በአገራችን ሐኪም ያልሆነ ሰው የለምና ሁሉም መድኃኒት አዘዘ። አለቃዬ «ሆዷ ውስጥ ነው ችግሩ፤ ኮሶ አጠጣት» አሉ፤ የቀለዱ መስሎኝ ስስቅ ተቆጡኝ። የሒሳብ ሹሙ አንድ ብርሌ አረቄ ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅል አለኝ። ከኮሶው አረቄው ይሻላል ብዬ ጨመርኩ። ማሳሏን አልተወችም፤ ደስ ብሏት ማሳል ጀመረች እንጂ። ጽጌ በበኩሏ በጎረቤት ልጅ እጅ አጭር ወረቀት ላከችብኝ። «አባቴ እንደማይቀልድ ታውቃለህ። እኔ ባለብስክሌት አላገባም፤ አንተ ግን እባክህ አንድ ነገር አድርግ» ይላል። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ ተስፋ ስቆርጥ ወደ ሙሳ ካንዴላ ሄድኩ። ሙሳ መጋላ ሰፈር በኩል ትንሽ ጋራዥ ያለው፣ በጣሊያን ሞተር ላይ እጁን የፈታ መካኒክ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ካንዴላ፣ ያችን ቤንዚኑን በብልጭታ የምታቀጣጥል ዕቃ፣ ፈትቶ በማየት ብቻ የባለቤቱን ጠባይ ስለሚናገር ነው። ኮፋኖውን ከፈተ፣ አንዷን ካንዴላ ፈታ፣ ወደ ብርሃን ይዞ አያት።

«አቦ! ይህቺ እኮ ካርቦን ሞልቶባታል!» አለ ጮክ ብሎ።

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። «የምን ካርቦን? ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? በዓይኔ እያየሁት!»

«ዝግ አድርገህ ተናገር እንጂ፣ ሙሳ!»

«ምን ዝግ አድርግ ትለኛለህ? የስንት ወር ነው ይሄ! ይሄን ሁሉ ሰብስበህ፣ ሰብስበህ፣ ዛሬ ነው የምትመጣው?»

እጁን ይዤ ወደ ጥግ ወሰድኩት። «ሙሳ ወንድሜ፣ አንድ ካርቶን ብቻ ናት። ለክፉ አይደለም የወሰድኳት፤ ለደብዳቤ ነው። ሰኞ ጠዋት እመልሳታለሁ። ሚስት አግብቼ ልኑር፣ አትንገርብኝ።»

ሙሳ ወደ ጥላ ወሰደኝና ውኃ ቀዳልኝ። «ጠጣ» አለኝ፤ «ወላሂ ፀሐይ መትቶሃል።»

ውኃውን ከጠጣሁ በኋላ አስረዳኝ። ቤንዚን በደንብ ሳይነድ ሲቀር ጥላሸት ይሆናል፤ ጥላሸቱ ፒስተኑ ላይ፣ ካንዴላው ላይ፣ ቫልቩ ላይ ይጋገራል፤ ይሄ ነው በመካኒክ ቋንቋ ካርቦን የሚባለው። ተራ መኪና ይችለዋል። እንደዚህች ያለች ለሩጫ የተሠራች ግን ትታፈናለች።

«በስንት ነው የምትነዳት?»

«በሃያ።»

«ሲቸኩልህስ?»

«በሃያ አምስት።»

ሙሳ ጎማ ላይ ተቀመጠ። «ያ ረቢ! ሁለት መቶ የምትሄደውን!» አለና ፊቱን በቅባት እጁ ጠረገ። ሁለት መድኃኒት አላት አለኝ። አንደኛው ሞተሩን ከፍቶ መፋቅ ነው፤ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ሁለተኛው ሩጫ ነው። «የሁርሶ መንገድ ሜዳ ነው። ሦስተኛ ማርሽ አስገባና ነዳጁን እስከ ወለሉ ርገጠው። ስትግል ራሷ ትተፋዋለች። አብሽር፣ ምንም አትሆንም።»

ምንም የማትሆነው እሷ ናት። እኔስ?

ቅዳሜ ጠዋት ሙሳን አጠገቤ አስቀምጬ ወጣሁ። ሠላሳ ስገባ ባርኔጣዬን ነፋስ ወሰደው። አርባ ላይ ነፍሴ ባርኔጣዬን ልትከተል ከጀለች። «ርገጥ!» ይላል ሙሳ። እኔ የረገጥኩት ፍሬኑን ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን ጨፍነህ እኮ ነው የምትነዳው!»

«አቧራ ገብቶብኝ ነው።»

«በሁለቱም?»

ወደ ከተማ ተመለስን። የባቡር ማቋረጫው ላይ ስንደርስ አግዳሚው ወርዷል፣ ባቡር ይጠበቃል። አቶ ዘለቀ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሰዓታቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራቸው ይሄ ነው፤ ዘግይቶ የሚመጣውን ባቡር መሳደብ። መኪናዬ ልክ አጠገባቸው ስትደርስ «ህክ፣ ህክ» አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«እስካሁን አልዳነችም?» አሉ።

ሙሳ ለሁላችንም የሚለው «አንተ» ነውና ሳይሽኮረመም መለሰላቸው። «ሩጫ ነው የሚያድናት፣ አባባ። ይሄ ልጅ ደግሞ አይረግጥም። አልቅሼ ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ።»

አቶ ዘለቀ ተነሱ። «እሳቱን አሳንሶባት እኮ ነው! ድሮም ብያለሁ። ውረድ!» አሉኝ። ወረድኩ። አማች ሊሆኑኝ የሚችሉ ሰው «ውረድ» ሲሉኝ «ለምን» ልል ነው?

«አባባ፣ አንተ መኪና ነድተህ ታውቃለህ?» አለ ሙሳ።

«ልጄ፣ እኔ አሥር ፉርጎ ሰው ከኋላዬ አሰልፌ የአዋሽን ድልድይ ያሻገርኩ ሰው ነኝ።»

ይህ መልስ የጥያቄው መልስ እንዳልሆነ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው። ሙሳ የነዳጁን፣ የፍሬኑንና የማርሹን ነገር በሁለት ደቂቃ አሳያቸውና «ጋራዤን ክፍት ጥዬ ነው የመጣሁት» ብሎ ወረደ። ብልህ ሰው ነው። አቶ ዘለቀ በእሱ ቦታ አስቀመጡኝና መኪናዋን ወደ መጣንበት አዞርናት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለመናገር ይቸግረኛል። አቶ ዘለቀ ረገጡ። መኪናዋ መጀመሪያ አነቃት፣ አሳለች፣ ተኮሰች፤ ከኋላችን የወጣው ጭስ ከተማውን ሸፈነው። «በለው! እሳት ስጠው!» ይላሉ ሽማግሌው ለራሳቸው። ሃምሳ። ስድሳ። አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ጭሱን ወደኋላ ያያሉ፤ ባቡር ላይ እንዲያ ነው የሚታየው። ሰማንያ ስንደርስ ጭሱ ግራጫ ሆነ። ዘጠና ስናልፍ ጭስ የሚባል ጠፋ። ሞተሩ ድምፁን ለወጠ፤ ማቃሰቱ ቀርቶ ዘፈን የሚመስል ነገር ያወጣ ጀመር። ስድስት ወር ይዣት ስዞር ይህን ድምፅ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ፍርሃቴን ረስቼ አፌን ከፍቼ አዳምጣለሁ።

«ሰማህ?» አሉኝ ዓይናቸው እያበራ። «ነጻች!» ጎጆ ባዩ ቁጥር ጥሩምባ ይነፋሉ፤ በሌላኛው እጃቸው ሰዓታቸውን ይዘው ስንት ደቂቃ እንደፈጀን ይቆጥራሉ። አንድ እጅ ጥሩምባ፣ አንድ እጅ ሰዓት። ታዲያ መሪው ማን እጅ ነው? ይህን ያሰብኩት ከፊታችን መታጠፊያ ሳይ ነው።

«አባቴ፣ መንገዱ ይዞራል!» አልኩ።

«ይዙር!» አሉ።

«አይደለም፣ መንገዱ እኮ ይዞራል!»

«ይዙር አልኩህ እኮ! ምን አገባን?»

መንገዱ ዞረ። እኛ አልዞርንም። ቀጥ ብለን የቁልቋሉን አጥር ጥሰን አሸዋ ውስጥ ገባን፤ መኪናዋም እስከ ሆዷ ሰጥማ ቆመች። አቧራው ሲወርድ አንድ ግመል ጠባቂ ሶማሌ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከፊታችን ቆሟል። «ዋርያ!» አለን በእርጋታ፣ «መንገድ እኮ በዚያ ነው!»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ዞር ብዬ አቶ ዘለቀን ሳይ ግን ሳቄን ተውኩት። አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ስለነበር የቁልቋል እሾህ ከጆሯቸው እስከ ግራ ትከሻቸው ተሰክቷል። እሳቸው እሾሁን አላዩትም። መሪውን ነው የሚያዩት፤ አሁን ገና እንደተተከለ ነገር።

«ረሳሁት» አሉ ቀስ ብለው። «ሁልጊዜ ሐዲዱ ነበር የሚያዞረን።» መሪውን በመዳፋቸው እየዳበሱ «በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ከሐዲድ ወጥቼ አላውቅም» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ፤ ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ። እንዴት አንጀቴን እንደበሉኝ! ያን ኩሩ ሰው እንደዚያ ሆነው ከማየት ጽጌን ባጣ ይሻለኛል ብዬ ነበር በዚያች ደቂቃ።

በግመሎቹ ጉተታ ወጣን። የመኪናዋ አፍንጫ ተጣሞ አንዱ መብራቷ ረግፏል፤ ሞተሯ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም ነበር። መልሱን እኔ ነዳሁ፤ በስድሳ፣ ዓይኔን ገልጬ። ሽማግሌው ከደጃቸው ሲወርዱ «ነገ» አሉ ብቻ።

እሑድ ደረሰ። ሽማግሌዎቼ መኪናዋ ውስጥ አንገባም ብለው ከኋላዬ በእግር ተከተሉኝ። ባሻ ወልዴ ሃያ እርምጃ ይርቁ ነበር። መኪናዋ ሳታስል፣ ሳትተኩስ፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና እየተንሿሿች ከአቶ ዘለቀ ደጅ ቆመች። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል። ባለብስክሌቱም ብስክሌቱን ተደግፎ ቆሟል። አቶ ዘለቀ አንገታቸውን በፎጣ ጠቅልለው ወጡ፤ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ጭስ ማውጫው ውስጥ ከተው አወጡ። ትንሽ ግራጫ ነገር ብቻ። ሰው ሁሉ እልል ሊል ነው።

ባሻ ወልዴ ግን ዘበኛ ናቸውና ሳያዩ የሚያልፉት የለም። «አፍንጫዋን ምን አገኘው? ማነው እንዲህ ያጋጫት?» አሉ።

አቶ ዘለቀ መሬት መሬት ያያሉ። ፎጣውን አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ ያደርጋሉ። እውነቱን ብናገር ጭሱ ነጽቷል፤ ቃላቸው ቃል ነው፤ የማጣው ነገር አልነበረም። ብዋሽ ግን መንዳት የማይችል ሰው ነው ብለው ሊከለክሉኝ ይችላሉ። አንደበቴ ሳያማክረኝ ተናገረ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «መታጠፊያው ላይ መሪ ማዞር ረሳሁ።»

ሳቁ ከዚራ ድረስ ተሰምቷል። «መሪ ረሳ! ባቡር መሰለችው እንዴ?» እያለ ባለብስክሌቱ ሆዱን ሲይዝ ብስክሌቱን ለቀቀና አብሮት ወደቀ። ሁሉም ሳቀ። ያልሳቁት አንድ ሰው ናቸው። አቶ ዘለቀ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ።

«ባሻ፣ ግቡ» አሉ። «ግቡና ተቀመጡ።»

ባሻ ወልዴ በልማዳቸው «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አቶ ዘለቀ «ተፈጽሟል አልኩ እኮ፣ ተቀመጡ!» ብለው ጮኹባቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በድሬ ስሜ «ሐዲዱ» ሆኖ ቀረ። ባለጋሪ ሁሉ መታጠፊያ ላይ ሲያገኘኝ «ዙር! ዙር!» ይለኛል። ቻልኩት፤ ምን አደርጋለሁ?

ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀን ጽጌን «ለመሆኑ እንዲህ ያለ ጅል ሹፌር ስታገቢ አላፈርሽም?» አልኳት።

«ቅዳሜ ማታ ከአባቴ ትከሻ እሾህ ስነቅል ያመሸሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። «የግራ ትከሻው ነው። ሹፌሩ የሚቀመጠው በየት በኩል እንደሆነ ይጠፋኛል መሰለህ? እሑድ የተናገርከውን በመስኮት ስሰማ ነው ልቤ የቆረጠው።»

ደስ አለኝ፤ ግን ቅር አለኝም። «ደብዳቤዎቼስ? ያ ሁሉ ደብዳቤ ልብሽን አልነካውም?»

«የትኛው ደብዳቤ? ያ ደብዛዛው?» ተነስታ እሽጉን አመጣችው። ባየው፣ ጉድ! ስድስት ወር ሙሉ ዋናውን በጥንቃቄ ፋይል አድርጌ ለእሷ የላክሁላት ግልባጩን ነው! ለካ ዋናው ከእጄ እንዳይወጣ የሳሳሁት እኔው ነኝ። «ከ‹ውድ ጽጌ› በታች የሚነበብ አልነበረውም» አለችኝ። «እጄን በሳሙና አጥቤ አጥቤ አልለቅ ይለኝ ነበር። የመኪናዋን ካርቦን አባቴ አውጥቶልሃል፤ ያንተን ደግሞ እኔ አወጣዋለሁ።»

በማግስቱ የካርቦኗን ካርቶን በብብቴ ይዤ ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ሹም ልመልስ ሄድኩ። ሹሙ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝና «በሦስት ቅጂ የመመለሻ ደብዳቤ ካላመጣህ አልረከብህም» አሉኝ። ካርቶኗን መልሼ ከፈትኳት።